ውሃ ያጠጣሁት ኮምፒውተር

እናንተስ ደርሶባችሁ ያውቃል? የአንድ ክፍል ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ ክፍሉ ውስጥ ባለው ዕቃ እንድታስተምሩበት ደመወዝ ይከፈላችኋል፤ ከዚያ ደግሞ «እንዳይበላሽ አትንካው» ትባላላችሁ። እኔ ደርሶብኛል። ዓመታት አልፈውም ሳስበው ፊቴ ይግላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ባስረዳ ይሻላል፤ አስተማሪ ነኝና ማስረዳት አይታክተኝም።

ሚሌኒየሙ ካለፈ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመደብኩ። የተመደብኩት ኮምፒውተር ላስተምር ነው። ዳይሬክተሩ በደስታ ተቀበለኝና ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ወሰደኝ። በሩ ብረት ነው፤ ሁለት ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። መስኮቶቹ በቆርቆሮ ተመትተዋል። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ይንጣጣል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ኮምፒውተሮቹን አየሁ፤ አላየሁም ብል ይሻላል፤ ሁሉም በዳንቴል ተሸፍነዋል። ዳንቴሉን ገለጥ ባደርግ፣ ሥሩ ከፋብሪካ የመጡበት ላስቲክ አለ። ላስቲኩን ገለጥ ባደርግ፣ ከኋላና ከጎን ያሉት የአየር ቀዳዳዎች በሙሉ ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ክብ ማኅተም አርፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«አቧራ እንዳይገባ ነዋ» አለኝ ዳይሬክተሩ፣ በኩራት። «አይጥም አለ። የሌላውን ትምህርት ቤት ሄደህ ብታይ አቧራ በልቶት ታገኘዋለህ። የእኛ እንደ ሙሽራ ነው የተያዘው።»

«ወረቀቱን ማንሳት ይቻላል?»

«ማኅተም አለበትኮ!» አለ፤ የታቦት መጋረጃ ልግለጥ ያልኩት ይመስል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኮምፒውተር ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚባለው፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ቁራጭ ነው። ሲሠራ ይግላል፤ ጣት ቢያሳርፉበት ይፈጃል። ስለዚህ በላዩ ትንሽ ማራገቢያ ይደረግለታል። ማራገቢያው በአንድ ወገን ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በሌላው የሞቀውን ያስወጣል። ቀዳዳዎቹን መድፈን ማለት እንግዲህ የሰውን አፍና አፍንጫ አፍኖ «ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው» እንደ ማለት ነው።

ማኅተሙን ያሳረፉት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ መምህሩም ተማሪውም «ጋሼ ንብረት» ነበር የሚላቸው። በልጅነታቸው ዲማ ገዳም የቆሎ ተማሪ የነበሩ፣ ጡረታ የቀረባቸው፣ ነጠላቸው እድፍ የማያውቀው ሰው ናቸው። ከመጋዘናቸው አንዲት ምስማር ጠፍታ አታውቅም። እኔን ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ሰነፍ ወይም ሌባ ቢሆኑ ኖሮ መናደዱ በቀለለኝ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱን ያንሱልኝ። ኮምፒውተሮቹ ታፍነዋል» አልኳቸው።

«ማን አፈናቸው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

ሳቁ። «ስማኝማ ልጄ፤ እኔ ዲማ ሳለሁ የስንት ዘመን ብራና አይቻለሁ። እንዴት የኖረ ይመስልሃል? በማኅደር ነዋ! ቆዳ ተሰፍቶለት፣ ክዳን ተደርጎለት፣ ማንገቻ ተበጅቶለት። ገላጣ የተተወውንማ አይጥ በልቶት አልቋል።»

«ብራና አይግልም፣ ጋሼ።»

«ይሄስ ለምን ይግላል? ካልነካኸው ምን ያግለዋል?»

እውነታቸውን ነው፤ ካልነኩት አይግልም። ሳይነካ የሚቀመጥ ከሆነ ግን ለምን ተገዛ? ይህን ጥያቄ ያን ጊዜ ጮክ ብዬ ጠይቄያለሁ፤ «ለትምህርት ነዋ» ተብዬ ተመልሻለሁ።

ትምህርቱ እንዴት ይሰጥ እንደነበረ ልንገራችሁ። ተማሪዎች ከሱቅ የተጣለ ካርቶን ቆርጠው ይመጣሉ። በካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የኮምፒውተር ፊደል ገበታ ይሥላሉ። ከዚያ እኔ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ «አሁን ኤ የምትለዋን ተጫኑ» እላለሁ፤ ክፍሉ በሙሉ ካርቶኑን ይጫናል። «አሁን ኢንተር» እላለሁ፤ ካርቶን ኧ አይል እህ አይል። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ አንድ ቀን እጇን አወጣችና «መምህር፣ እውነተኛው ሲጫኑት ድምፅ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ክፍል ግድግዳ ባሻገር እውነተኛዎቹ ኮምፒውተሮች ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል። «አለው» አልኳትና ጠመኔውን ሰባበርኩት።

ኮምፒውተሮቹ የሚበሩት እንግዳ ሲመጣ ነበር። ከወረዳ ወይም ከዞን ሰው ሲመጣ ጋሼ ንብረት ዳንቴሉን ያነሳሉ፤ ላስቲኩና ወረቀቱ እንዳለ ይቆያል። ዳይሬክተሩ ንግግር ያደርጋል፤ እንግዶቹም በተራቸው ይናገራሉ። በንግግሩ መካከል አንዱ ኮምፒውተር ድርግም ይላል፤ ቀጥሎ ሌላው።

«መብራት ነው» ይላል ዳይሬክተሩ ፈጥኖ። በላያቸው ያለው አምፖል ግን ቦግ ብሎ እየበራ ነው። ከእንግዶቹ አንዱም ቀና ብሎ አምፖሉን አይቶ አያውቅም።

በእንዲህ ዓይነት ቀን የጠፋ ኮምፒውተር አንዳንዱ ሲያርፍ ይመለሳል። አንዳንዱ ማራገቢያው በሙቀት ደርቆ ተጣብቆ ይቀራል። ያልተነሳውን ጋሼ ንብረት ከዳንቴሉ አውጥተው፣ «ብልሽት» የሚል ወረቀት ለጥፈው ወደ መጋዘን ያስገቡታል። መጋዘን ውስጥ ደግሞ በድጋሚ ይሸፈናል። አዲስ ማራገቢያ ለማግኘት ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ዞሬ አጥቻለሁ። ባገኝም የሚጠቅም አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አውድማ አለ። ጤፍ በሚወቃበት ወራት እብቁ እንደ ጉም ይነሳና በየስንጥቁ ይገባል። ጋሼ ንብረት አቧራ መፍራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ስህተታቸው መድኃኒቱ ላይ ነው።

መፍትሔው የታየኝ ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከእረፍት ስመለስ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን ዳገቱን ሲያያዘው ፈላ። ሾፌሩ አቆመ፤ ረዳቱ በጀሪካን ውሃ ይዞ ወረደ፤ እኛም ወርደን ጥላ ፍለጋ ተበተንን። እኔ ግን ሞተሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ውሃው ሞተሩን አልፎ ይሞቃል፤ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ ነፋስ ይመታዋል፤ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ሞተሩ አቧራ አይስብም፤ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣለት ውሃው ነው።

«ምን ትፈልጋለህ ወንድም ዓለም? እንዳይፈጅህ ዞር በል!» አለኝ ረዳቱ።

«ኮምፒውተር ላይ ይሆን ይሆን እያልኩ ነው» አልኩት።

ረዳቱ ሾፌሩን «ይሄን ሰውዬ ፀሐይ መትቶታል፣ ቶሎ እንሂድ» አለው።

ነገሩ ግን ቀላል ሒሳብ ነው። የእኛ ከተማ ደጋ ናት። ሰው ሁሉ ብርዱን ሲረግም ይውላል፤ ጠዋት ጠዋት የተማሪ ጣት ደንዝዞ እስክሪብቶ አይጨብጥም። በዚህ ብርድ መካከል ኮምፒውተር በሙቀት ይሞታል! ብርዱን እኮ የሚያስከፍለን የለም። ከደጅ እስከ ፕሮሰሰሩ የሚያደርሰው ብቻ ነው የጎደለው፤ ያም ውሃ ነው።

ዳይሬክተሩ ጋ ገባሁ። «መጋዘን ካሉት ከሞቱት አንዱን ስጠኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ላስነሳው።»

«አልዓዛር አደረግከው!» ብሎ ሳቀ። «ውሰደው፤ የሞተ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?» ጋሼ ንብረት በሩ ላይ ቆመው እየሰሙ ነበር።

አሠራሩን በቅደም ተከተል ልናገር፤ የሚሞክር ሰው ይጠቀምበታል። በመጀመሪያ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀመጥ፣ ውስጡ ውሃ የሚያልፍበት የመዳብ ቁራጭ ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ቁራሌዎቹ ዘንድ፣ ከትልቅ የመብራት ማከፋፈያ የወጣ ወፍራም መዳብ አገኘሁ። በብረት መጋዝ መሃሉ ላይ ቦዮች ቦረቦርኩበት፤ በቀጭን የመዳብ ክዳን ሸፍኜ ዙሪያውን በእርሳስ በየድኩት፤ መግቢያና መውጫ ሁለት ቱቦዎች ተውኩለት። ፕሮሰሰሩን የሚነካውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት እየፈተግሁ ፊቴን እስኪያሳየኝ አለሰለስኩት። ይህ ልፋት ለጌጥ አይደለም፤ ሸካራ ከሆነ በመካከሉ አየር ይገባል፣ አየር ደግሞ ሙቀትን አያስተላልፍም።

ራዲያተሩን ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ መኪና ነው። መኪና ውስጥ ሰው እንዳይበርደው የሚያሞቅ ትንሽ ራዲያተር አለ፤ መጠኑ ከመማሪያ መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም። ቱቦው ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበት፣ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አየር ከተቋጠረበት ወዲያው ትለያለህ። ለውሃ መግፊያው መጀመሪያ የመኪና መስታወት ላይ ውሃ የምትረጨውን ሞተር ሞከርኩ፤ ረጅም ሰዓት ለመሥራት አልተፈጠረችምና ተቃጠለች። በኋላ ደብረ ማርቆስ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ያለ፣ ውሃ ሲፈስበት ታይቶ የማያውቅ ፏፏቴ ትዝ አለኝ። የሆቴሉን ባለቤት ለምኜ መግፊያዋን አስወጣሁ። የታሸገችበት ላስቲክ ገና አልተቀደደም ነበር። ፏፏቴውም እንዳይበላሽ ተብሎ ተዘግቷል!

ውሃው የቧንቧ ውሃ መሆን የለበትም፤ ዝገትና ነጭ ጭቃ ያመጣል። ጋራዥ ባትሪ ላይ የሚጨመረውን የተጣራ ውሃ ገዛሁ፤ አሲዱን አይደለም፣ እንዳትሳሳቱ።

ይህን ሁሉ ስሰበስብ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ መሳቂያ ሆኛለሁ።

«ኮምፒውተር ታጠጣለህ አሉ?» አለኝ የሒሳብ መምህሩ። «ገለባስ አትጥልለትም?»

«ለሞተ የሚሻለው ጸበል ነው» አለች የባዮሎጂ መምህርቷ። «ሰባት ቀን አስጠምቀው።»

«ካልዳነስ?»

«ካልዳነ ዛር ነው፤ ጋሼ ንብረት ማኅተም ያሳርፉበታል።»

እኔም ስቄያለሁ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም። ከእነዚህ መምህራን አንዱም ያንን የታሸገ ክፍል ረግጦት አያውቅም፤ አንዱም ቅር አላለውም። አንድ ሰው የሞተ ዕቃ ለማንሳት ሲነሳ ግን አገር ይሰበሰባል።

ቀጥሎ ሳጥኑ ነው። ራዲያተሩ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ቢገባም ነፋስ አያገኝም። ስለዚህ የሳጥኑን ጎን ቆርጬ እንደ መስኮት መክፈትና ራዲያተሩን በውጭ በኩል መግጠም ነበረብኝ። በርና መስኮት ከሚሠራው ብረት በያጅ ዘንድ ወሰድኩት። ሠራተኛው ሳጥኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ምን ልታደርገው ነው መምህር፣ የንብ ቀፎ?» አለኝ።

«ኮምፒውተር ነው።»

«ኮምፒውተር መስኮት ምን ያደርግለታል? ማንን ሊያይበት?»

«ቁረጥልኝ ብቻ።»

ቆረጠው፤ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ሞረደልኝ። ከግድግዳው መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ለሚያከፋፍለው ክፍል የሚያስፈልገውን አንድ ማራገቢያ አልነቀልኩም፤ እሱ ውሃ አይስማማውም። እብቅ እንዳይስብ ግን በፊቱ የዱቄት ወንፊት ቁራጭ አሰርኩለት፤ ወንፊቱን ቅዳሜ ቅዳሜ አራግፈዋለሁ። አቧራን መከላከል ማለት ይህ ነው፤ አየሩን ሳያፍኑ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ለሥራዬ በተሰጠችኝ ትንሽ ክፍል አስቀምጬ፣ ከመብራት ነቅዬ ውሃው ብቻ እንዲዞር ለቀቅሁት። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ወረቀት አነጠፍኩ። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ከመግባቴ በፊትና ስወጣ ወረቀቱን እዳስስ ነበር። የክዳኑ አንድ ማዕዘን አልቅሶ ተገኘ፤ ፈትቼ እንደገና በየድኩት። ወረቀቱ ደርቆ ሲቆይ መብራቱን ሰካሁ።

በራ። አልጠፋም። ቀኑን ሙሉ አልጠፋም።

በማግስቱ ተማሪዎቼን በተራ አስገባኋቸው። ውስጡን በሚያሳየው ቱቦ ውስጥ ትንንሽ አረፋ ሲጓዝ አይተው ይንጫጫሉ። አንዱ ራዲያተሩን ዳሰሰና «ለብ ብሏል!» ብሎ ጮኸ። «ትኩሳቱን እያወጣለት ነው!» አለ ሌላው። አዎ፤ እኔ በሁለት ሰሌዳ ልጽፈው የነበረውን ትምህርት ልጁ በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰው።

ድምፅ አለው ወይ ብላ የጠየቀችኝ ልጅ ተራዋ ሲደርስ የእናቷን ስም ጻፈች፤ አንዷን ፊደል ተሳሳተች። ማጥፊያውን አሳየኋት። ተጫነችው።

«ጠፋ!» አለች ዘወር ብላ እያየችኝ። «ካርቶኑ ላይ ጠፍቶ አያውቅም።»

ልጆቹ ዓመት ሙሉ የሚያጠፋ ቁልፍ ሲጫኑ ምንም ጠፍቶላቸው አያውቅም። ተሳስተው አርመው አያውቁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እነዚህ ልጆች ከዚህ ትምህርት ቤት ከመውጣታቸው በፊት አንዲት የምትሠራ ኮምፒውተር በእጃቸው እንዲነኩ። ያቺ ኮምፒውተር አለች፤ ሌላ የለችም። በር ላይ ሰልፍ ይዘው፣ ተራ የዘለለውን እየገፉ፣ ሲነኩ ከረሙ።

ሰኔ መጣ፤ ከሰኔ ጋር የንብረት ቆጠራ። ጋሼ ንብረት ቀለምና ብሩሻቸውን ይዘው በየክፍሉ ይዞራሉ። ወንበር ይቆጠራል፣ ጠረጴዛ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ የደበዘዘ በቀለም ይደምቃል። የእኔ ክፍል ደረሱ። ተማሪ እየጻፈ ነበር። ኮምፒውተሩን ዞሩት፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ።

«ቁጥሩ የታለ?»

አጎንብሼ አየሁ። ብረት በያጁ መስኮት የቆረጠው በትክክል ቁጥሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ፊደል ግማሽ ብቻ ቀርቷል።

«ተቆርጧል፣ ጋሼ። ግን ይሠራል፤ ይዩት!»

ማያውን አላዩትም። የልጁንም እጅ አላዩም። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጡ።

ስብሰባ ተጠራሁ። ዳይሬክተሩ ሰብሳቢ፣ ጋሼ ንብረት አባል፣ የባዮሎጂ መምህርቷ ጸሐፊ። ራዲያተር የገጠምኩበት ኮምፒውተር ጠረጴዛው መካከል ተቀምጧል፤ ቱቦው ውስጥ ውሃው ጸጥ ብሏል።

«መምህር፣ የመንግሥትን ንብረት ቀደሃል» አለ ዳይሬክተሩ።

«ሞቶ ነበርኮ። ራስህ ነህ የሰጠኸኝ።»

«ቢሞትም ሙሉ ነበር» አሉ ጋሼ ንብረት።

«ሬሳ ነው እንዴ በሙሉ አካሉ የሚቀበረው?» አለች የባዮሎጂ መምህርቷ።

«አንቺ ጻፊ!» አላት ዳይሬክተሩ። ወደ እኔ ዞረ። «ኦዲተር ቢመጣ ምን ልበለው? ኮምፒውተር ውስጥ ውሃ ጨምረው ጎኑን ሸንቁረው አገኘሁ ቢለኝስ?»

«ይሠራል በለዋ!»

«ስማኝ ወንድሜ። ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ኦዲተር አላውቅም። አለ ወይ ነው የሚለኝ።»

ተነሳሁ። የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ ጮኼያለሁ። መጋዘን ውስጥ ሞተው የተደረደሩትን የገደለ ሰው ያልተጠየቀበት አገር፣ አንዱን ያስነሳ ሰው እንዴት ይከሰሳል አልኩ። እንግዳ ፊት የሚጠፋው ኮምፒውተር «መብራት ነው» እየተባለ ታልፎ፣ ተማሪ ፊት የሚበራው እንዴት ወንጀል ይሆናል አልኩ። ካርቶን ላይ የሚጽፉትን ልጆች ጥሯቸውና እነሱ ይፍረዱ አልኩ። ጋሼ ንብረት ሲያዳምጡ ቆይተው «አሁን ጨረስክ?» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም፤ ሳል የያዘውን ልጅ እንደሚጠይቅ አባት።

ውሳኔው ተነበበ። ውሃው ይውጣ፤ ቀዳዳው ይደፈን፤ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ሳጥኑ ወደ ነበረበት ተመልሶ ንብረት ክፍል ይግባ። የነበረበት ማለት እንግዲህ ሞቱ ነው። ተማሪዎቼም ወደ ካርቶናቸው።

ሳጥኑን ተሸክሜ ወደ ብረት በያጁ ሄድኩ። የብየዳው እሳት እንዳይረጭበት ውስጡን በሙሉ አውጥቼ፣ ቱቦውንና ራዲያተሩን ሳልፈታ፣ አንድ የጣውላ ሳንቃ ላይ አሳርፌ ክፍሌ ውስጥ ትቼው ነበር። በያጁ መስኮቱን በላሜራ ደፈነው። «ታዲያ ለምን አስቆረጥከኝ?» አለ። ቀለም ቀባሁት፤ ቁጥሩን ጻፍኩበት። ባዶ ሳጥን፣ ሙሉ ቁጥር።

መጋዘን ወስጄ ጋሼ ንብረት ፊት አስቀመጥኩት።

«ይኸው። አልዋሽዎትም፤ ውስጡ ባዶ ነው። የውስጡ ዕቃ ክፍሌ ውስጥ ነው፣ ሳንቃ ላይ። እሱንም ላምጣ?»

ሳጥኑን በጣታቸው አንኳኩት፤ የባዶ ጣሳ ድምፅ ሰጠ። ቁጥሩን አዩ።

«ውስጡ ቁጥር አለው?»

«የለውም።»

«ቁጥር የሌለውን ምን ብዬ ልቆጥረው? ቋሚ ዕቃ ቁጥር ያለው ነው። ሳጥኑ ቋሚ ዕቃ ነው፤ ተረክቤያለሁ። የቀረው አላቂ ዕቃ ነው።»

«አላቂ? እንደ ጠመኔ?»

«እንደ ጠመኔ» አሉ። መነጽራቸውን አወለቁና በነጠላቸው ጠረጉት። «ጠመኔ የሚያልቀው መምህር እጅ ላይ ነው፤ ንብረት ክፍል ምን አገባው?»

እየረዱኝ ይሁን ደንቡን እየነገሩኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ፊታቸው አይነበብም። በዚያች ቃል ግን የተማሪዎቼ ኮምፒውተር ዳነች። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ አመስግኜም ወጥቻለሁ። በሩ ላይ ዞር ስል ግን ሙጫ አንስተው በባዶው ሳጥን ቀዳዳ ላይ ወረቀት እየለጠፉ ነበር። ምን እንዳይገባበት? ምን እንዳይወጣበት? ተናድጄ ግቢውን እየዞርኩ፣ ደወሉ ተደውሎ ተማሪዎቼ መጥተው እስኪወስዱኝ ድረስ ቆየሁ።

ሳንቃውን የክፍሌ ግድግዳ ላይ ቸነከርነው፤ ራዲያተሩን በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ጥላው በኩል አወጣነው። ሳጥን ስለሌለው ሁሉም ነገር ይታያል፤ ፕሮሰሰሩ የት እንዳለ፣ ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ። ተማሪዎቹ በጣታቸው እየተከተሉ ያስረዱኛል። እኔ ዝም ብዬ መስማት ተማርኩ፤ ለእኔ ዓይነት ሰው ቀላል አልነበረም። የቀሩት ኮምፒውተሮች ግን በዚያው በታሸገው ክፍል ዳንቴላቸውን ለብሰው፣ አንድ ባንድ ሲሞቱ፣ እኔ ተዛውሬ እስክሄድ ድረስ ማንም አልነካቸውም። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ወይም ልጅህ የሚማርበት ትምህርት ቤት ሂድና ከበራው ኮምፒውተር ጀርባ እጅህን አስጠጋ፤ አየር ሲወጣ ካልተሰማህ ለምን ብለህ ጠይቅ። ከዚያ «ብልሽት» ከተባሉት አንዱን ለምነህ ውሰድ፤ መግደል የማትችለው እሱን ነውና አትፍራ። መዳቡን በደንብ ፈትግ፤ ሳጥኑን ከመቁረጥህ በፊት ቁጥሩ የት እንዳለ እይ፤ ውሃውን ያለ መብራት አዙረህ ወረቀቱ ደርቆ እስኪከርም ታገስ። ሲደርቅ አንተ አታብራው። ነክቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ጥራና እሱ ያብራው፤ ሞክረው እባክህ።